ሁለተኛው ጆይስቲክ

የደቡብ ሱዳኗን ጁባን የማስታውሳት በጄኔሬተር ድምፅ ነው። የኖርኩበት ሰፈር፣ ኮሎሎ፣ ሲመሽ እያንዳንዱ ግቢ የራሱን ሞተር ያስነሳል፤ አንዱ ያጓራል፣ አንዱ ያስላል፣ ሌላው እንደ ወፍጮ ቤት ይንደቀደቃል። በ2005 ዓ.ም. መጀመሪያ ስገባ ከተማዋ የምትበራው በናፍጣ ነበር። ናፍጣ ያለው ያበራል፣ የሌለው ሻማውን አጥፍቶ ይተኛል። ሰፈሩ ለአየር ማረፊያው ቅርብ ነው፤ ቶንግፒኝ ይጎራበተዋል፤ ኤምባሲዎችና የእርዳታ ድርጅቶች በረጃጅም አጥር ውስጥ ተቀምጠውበታል። ካምፓላ ውስጥም ኮሎሎ የሚባል ኮረብታ አለ፤ በ1962 እ.ኤ.አ. የነጻዪቱ ዩጋንዳ ባንዲራ የተሰቀለው እዚያ ላይ ነው። የጁባው ኮሎሎ ግን ሜዳ ነው። ቀይ አፈር፣ የማንጎ ዛፍ፣ የቆርቆሮ አጥርና ሌሊት እንኳ የማይበርድ ሙቀት።

የተቀጠርኩት አንድ ያገሬ ሰው በከፈቱት ሆቴል ውስጥ ነበር። ቀን ዕቃ ግምጃ ቤት እይዛለሁ፣ ማታ ሒሳብ እዘጋለሁ። ከአዲስ አበባ ስነሳ የያዝኩት ሻንጣ አንድ ብቻ ነው፤ ግማሹ እናቴ የቋጠረችልኝ በርበሬና ሽሮ፣ ግማሹ በጋቢ የተጠቀለለ ፕሌይስቴሽን 2። ጁባ ስደርስ ሻንጣዬን የሚፈትሸው ሰው ጋቢውን ፈታና ጥቁሩን ሣጥን እያገላበጠ አየኝ። የማውቃት እንግሊዝኛ ሁሉ ጠፋችብኝ። "ኳስ ነው" አልኩት በአማርኛ፣ በሁለት አውራ ጣቶቼ አየሩን እየተጫንኩ። ገባው። ፈገግ አለና ጋቢውን ራሱ መልሶ ጠቀለለልኝ። በዚያ አገር መጀመሪያ የተግባባሁት ሰው እሱ ነው፤ ያግባባንም ይኸው ጨዋታ ነው።

ፍቅሩ የጀመረኝ አዲስ አበባ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈር ነው። በ1993 ዓ.ም. የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከቤታችን ዝቅ ብሎ አንድ ጎረቤታችን ሳሎናቸውን በመጋረጃ ከፍለው አራት ቴሌቪዥን ደረደሩ፤ ሰፈሩም "ጌም ቤት" አለው። አንድ ጨዋታ አንድ ብር ነው። ሕጉ አጭር ነው፦ የተሸነፈ ከፍሎ ይነሳል፣ ያሸነፈ እስኪሸነፍ ይቀመጣል። ብር ያልያዘ ከኋላ ቆሞ ያያል። እኔ ከተጫወትኩት ይልቅ ቆሜ ያየሁት ይበልጣል፤ ስለዚህ ጨዋታውን መጀመሪያ የተማርኩት በዓይኔ ነው።

"ዊኒንግ" እንለው ነበር። ሙሉ ስሙ ዊኒንግ ኢለቨን እንደሆነ፣ የሚሠራውም ኮናሚ የተባለ የጃፓን ድርጅት እንደሆነ የሰማሁት ኋላ ነው። የመጀመሪያው የወጣው በ1995 እ.ኤ.አ. ሲሆን ያን ጊዜ ፕሌይስቴሽን ራሱ ገበያ ከገባ ዓመት አልሞላውም ነበር። የእኛ ሰፈር ዲስክ ከጃፓንኛው እትም የተቀዳ ስለሆነ አንድም የምናነበው ፊደል አልነበረበትም። ቢሆንም ከላይ ስንተኛው መስመር ምን እንደሚከፍት ሁላችንም በቃላችን እናውቅ ነበር። ፊደል ያልቆጠረው ታናሽ ወንድሜ እንኳ አሰላለፍ ይቀይር ነበር። ግብ ሲገባ ተናጋሪው በጃፓንኛ ይጮኻል፣ እኛም አብረነው በጃፓንኛ እንጮኻለን። እንግሊዝኛው እትም ሲደርሰን ደግሞ ስሞቹ ተዛብተው አገኘናቸው። ድርጅቱ በተጫዋቾቹ ስም ለመጠቀም ፈቃድ ስላልነበረው ፊደላቸውን አቀያይሮ ይጽፍ ነበር፤ ሮቤርቶ ካርሎስን "ሮቤርቶ ላርኮስ" ብሎታል። እኛ በእግሩ እናውቀዋለንና አልተደናገርንም።

በጌም ቤቱ ለእያንዳንዱ ቴሌቪዥን ሁለት ጆይስቲክ ነበረው። አንደኛው ደህና ነው፣ ሁለተኛው ታማሚ። የአንዱ አር ዋን ቁልፍ ስለማይሠራ ተጫዋችህ መሮጥ አይችልም። የሌላው ገመድ ካልተጣመመ አይያዝም፤ ስትጫወት ገመዱን በጉልበትህ ደግፈህ ነው። ደህናውን የሚይዘው ሲያሸንፍ የዋለው ነው፣ ታማሚው ለአዲስ ገቢ ይሰጣል። እኔ ትንሽ ስለነበርኩ ሁልጊዜ የሚደርሰኝ ሁለተኛው ነው። መሮጥ ስለማልችል ቅብብል ተማርኩ፤ በኤክስ አጭር ኳስ፣ በክቧ ረጅም ኳስ፣ በሦስት ማዕዘኗ ተከላካዮችን የሚሰነጥቅ ኳስ፣ መጨረሻ ላይ በአራት ማዕዘኗ ምት። አንድ ቀን ሰፈሩን ሁሉ ሲያስነሳ የዋለ ጎረምሳ አጠገቡ ስቀመጥ አየኝና ጆይስቲኩን በእኔ ለወጠው። "እንካ፣ አሁን እንተያያለን" አለኝ። 3 ለ 0 አሸነፈኝ። ብሬን ከፍዬ ተነሳሁ። ግን ያን ቀን እኩል ጆይስቲክ ይዤ ነው የተሸነፍኩት፤ ያ ነገር እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል። ከሁለተኛው ጆይስቲክ ጋር ያለኝ ጉዳይ ከዚያ ይጀምራል።

ከዚያ ፕሌይስቴሽን 2 መጣ፤ "ዊኒንግ" የሚለውም ስም "ፔስ" በሚለው ተተካ፤ ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር ለማለት ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው ፔስ 6 ለእኔ የሁሉም አናት ነው። የብራዚሉ አድሪያኖ የምት ጉልበቱ 99 ነበር፤ ከዚያ በላይ ቁጥር የለም። የእሱን ግራ እግር የያዘ ከሳጥን ውጭ ሆኖ ግብ ጠባቂን ያስለቅሳል። ማስተር ሊግ የሚባለው ክፍል ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። እዚያ የሚሰጡህ ካስቶሎና ሚናንዳን የመሳሰሉ፣ በእውነተኛው ዓለም ያልተወለዱ ተጫዋቾች ናቸው። ከእነሱ ጋር ታች ትጀምራለህ፣ ትወድቃለህ፣ ትነሳለህ፣ ነጥብ አጠራቅመህ ደህና ተጫዋች ትገዛለህ። ካስቶሎን ሸጬ ያዘንኩበትን ቀን አስታውሳለሁ። ይህ ሁሉ ድካም የሚቀመጠው ከክብሪት ሣጥን ባልበለጠች 8 ሜጋባይት ሜሞሪ ካርድ ላይ ነው። በሰፈራችን ካርዱን በአንገቱ ክር ያንጠለጠለ ልጅ ነበር።

ፊፋ የሚባለው ተፎካካሪ ጨዋታ ይሻላል ወይስ ፔስ የሚለው ክርክር ባለበት ያደገ ያውቀዋል። ፊፋ እውነተኛውን ስም፣ ማሊያና ስታዲየም ይዟል፤ ፔስ ላይ ሊቨርፑል "መርሲሳይድ ሬድ" ነው። የእኛ መልስ አንድ ነበር፤ ስሙን ፊፋ ይውሰድ፣ ኳሱ እዚህ ነው። ፔስ ላይ ኳስ ከእግር ጋር አልተጣበቀችም። ክብደት አላት፣ ታመልጣለች። ቸኩሎ የመታ ሰማይ ይሰዳታል፣ ሰውነቱን አዙሮ የጠበቀ ያገባል። ትዕግሥትን ከአንድ ነገር ተምሬያለሁ ብል ከዚህ ጨዋታ ነው።

ኮሎሎ ስደርስ ታዲያ ያ ሁሉ ጓደኛ አልነበረም። የቀረኝ መኪናው፣ ማለትም ፕሌይስቴሽኑ፣ አንድ ዲስክ፣ አንድ ካርድና አንድ ጆይስቲክ ነው። ሒሳብ ከዘጋሁ በኋላ በግምጃ ቤቱ ውስጥ፣ በዘይት ጀሪካንና በዱቄት ጆንያ መሐል፣ ከኮምፒውተሩ ጋር እገጥማለሁ። ማስተር ሊጉን በተከታታይ አራት ጊዜ በላሁ። ብቻውን የሮጠን ማን ይቀድመዋል? ዋንጫው ሲነሳ ግምጃ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የጄኔሬተሩ ድምፅ ብቻ ነበር። ደስታው ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል። ያን ጊዜ ነው ለዓመታት የወደድኩት ጨዋታውን ብቻ እንዳልነበር የገባኝ።

ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. መጣ። የኢትዮጵያ ቡድን፣ ዋሊያዎቹ፣ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ደርሰው ከሻምፒዮኗ ዛምቢያ ጋር ደቡብ አፍሪካ፣ ኔልስፕሩይት ላይ ይጫወታሉ። በጁባ ያለ ሐበሻ ሁሉ ቴሌቪዥን ያለበትን ቤት ሞላ፤ የእኛም ሆቴል ጠጠር መጣያ የለውም። ሳላዲን ሰይድ ፍጹም ቅጣት ምት ሲስት በመሐላችን የነበሩት የውሃ ቦቴ ሾፌሮች ራሳቸውን ያዙ። ግብ ጠባቂያችን ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፣ በዚያ ላይ ተመራን። በ10 ሰው ቀርተን አዳነ ግርማ አገባና 1 ለ 1 ሆነ። ወጥ ቤት የምትሠራው እትዬ ጭልፋዋን እንደያዘች መሐላችን ገብታ እልል አለች። ጋሼ፣ የሆቴሉ ባለቤት፣ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ።

የዚያን ዕለት ሌሊት ግምጃ ቤቱ ገብቼ ፔስ 6ን ከፈትኩና ኢትዮጵያን ፈለግኩ፤ የለችም። ይህን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፣ የዚያን ሌሊት ግን አልዋጥልህ አለኝ። አሁን የምነግራችሁ የዚህን ጨዋታ ትልቁን ደግነት ነው። ፔስ 6 ለጀርመን ሊግ ፈቃድ ስላልነበረው በእነዚያ ክለቦች ቦታ 18 ስም የለሽ ቡድኖች አስቀምጧል፤ ቡድን ኤ፣ ቡድን ቢ፣ ቡድን ሲ እየተባሉ። ባዶ ናቸው። ስም፣ ማሊያ፣ ዓርማ፣ የተጫዋቹን ቁመት፣ ፀጉርና የምት ጉልበት ሳይቀር አንተ ትሞላዋለህ። ቡድን ኤን ኢትዮጵያ አልኩት። ዓርማውን ነጠብጣብ በነጠብጣብ ቀለም ቀባሁ። ደጉ ደበበን አምበል አደረግኩ፣ ሽመልስ በቀለን መሐል፣ ጌታነህ ከበደንና ሳላዲንን ፊት። ሳላዲንን ስለሳታት ፍጹም ቅጣት ምት ግን አልቀጣሁትም፤ የምት ጉልበቱን 88 ሰጠሁት። ሲነጋጋ ዋሊያዎቹ በአረንጓዴና ቢጫ ማሊያ ቀጥ ብለው ቆመው ነበር።

ጄኔሬተሩን የሚጠብቅ የአገሩ ተወላጅ ልጅ ነበረን፤ 17 ዓመት ቢሆነው ነው፣ ረጅም፣ ዝምተኛ። ናፍጣ ሊለካ ወደ ግምጃ ቤቱ ሲመጣ በሩ ላይ ቆሞ ስጫወት ያያል። ብር ያልያዘ ልጅ ከኋላ ቆሞ ሲያይ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፤ ግን የምሰጠው ጆይስቲክ የለኝም። ዋሊያዎቹን ያየ ዕለት ተጠግቶ በጁባ ዓረብኛ "ጁኑብ ሱዳን ፊ ወይን?" አለኝ። ደቡብ ሱዳን የት አለ ማለቱ ነው። "ማፊ" አልኩት። የለም። ፊቱ አልተለወጠም፣ ግን ወደ ጄኔሬተሩ ሳይመለስ እዚያው ቆመ።

አገሩ ነጻ የወጣው ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው። የዓለም እግር ኳስን የሚመራው ፊፋ አባል የሆነው በግንቦት 2004፣ የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ጨዋታ ከዩጋንዳ ጋር ጁባ ላይ አድርጎ 2 ለ 2 የወጣው ሐምሌ 3 ቀን 2004። ልጁ ያን ጨዋታ ስታዲየም ገብቶ አይቷል፤ ሁለቱንም ግቦች በእግሩ ጠጠር እየመታ አሳየኝ። በ1999 የተሠራ ጨዋታ በ2003 የተወለደ አገር ሊኖረው አይችልም። ባዶ ቦታ ግን አለው። ቡድን ቢን ከፈትንና ጎን ለጎን ተቀመጥን። ባንዲራውን እሱ ይነግረኛል፣ እኔ እቀባለሁ፦ ጥቁር፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ በመሐላቸው ቀጭን ነጭ መስመር፣ በጎን ሰማያዊ ሦስት ማዕዘን፣ በውስጡ ቢጫ ኮከብ። ኮከቧ አስቸገረችን፤ አምስቱን ጫፍ ለማውጣት አንድ ሰዓት ፈጀን። ተጫዋቾቹ ሲገቡ ቁመት ላይ ተከራከርን። እኔ 1 ሜትር ከ80 ስል እሱ እጁን ከራሱ በላይ ያነሳል። እውነቱን ነው፤ የአገሩ ሰው እንደዚያ ነው። ግብ ጠባቂውን 2 ሜትር አደረግነው።

በማግስቱ ከደመወዜ ላይ አንስቼ ኮኞ ኮኞ ገበያ ወረድኩና ሁለተኛ ጆይስቲክ ገዛሁ። አሮጌ ነው፣ የግራ ማዞሪያው ላልቷል። ልጁ ሲቀርብ ታማሚውን ለራሴ ይዤ ደህናውን ሰጠሁት። "እንካ" አልኩት በአማርኛ። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ቡድን ኤና ቡድን ቢ ኮሎሎ ግምጃ ቤት ውስጥ በየቀኑ ይገናኙ ነበር። በሦስት ወር ውስጥ እሱ "ግባ! ግባ!" ማለትን ለመደ፣ እኔም ከሱቅ ሰው ጋር በዓረብኛ መከራከር ቻልኩ። ቋንቋ ያስተማረን ኳሱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው መከራ ልምጣ። ለ2006 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ጋሼ በግ ገዙ። "አንዱን ለበዓል፣ አንዱን ለምታሰማው ጨዋታህ ሽልማት አድርገው" አሉኝ፤ የግምጃ ቤቱን ጩኸት ሲሰሙ ከርመው ኖሯል። ስምንት ሐበሻና ስምንት የሰፈሩን ልጆች መዘገብኩ። ቀኑ ከበዓሉ ቀጥሎ ያለው እሑድ፣ ሰዓቱ 8። ወረቀቱን በትልቁ ጽፌ በር ላይ ለጠፍኩ። ሐበሾቹ ከቀኑ 8 ሰዓት በበዓል ልብሳቸው መጡ። ከአገሬው ግን አንድም ሰው የለም። እነሱ ዘንድ 8 ሰዓት ማለት የእኛ ማታ 2 ሰዓት ነው። አብሬያቸው አንድ ዓመት ያህል ኖሬ፣ ደረሰኝ ሁሉ በእነሱ ሰዓት እየጻፍኩ፣ ለዚህች ወረቀት ሲሆን እጄ ወደ አገሬ ሰዓት ሄደ።

የሰዓቱ ስሕተት ግን አዳነኝ፤ ምክንያቱም መኪናው ከጠዋት ጀምሮ ዲስክ አልቀበልም ብሏል። ሌንሱ ደክሞ ነበር። በጎኑ ሳቆመው ያነብ የነበረው ወር አልፎታል፤ በጀርባው ገልብጬው የነበረው ደግሞ ሳምንት። ያን ዕለት በየትኛውም በኩል ባዞረው ዝም አለ። እትዬ "ቡና ላፍላላቸው፣ አንተ ሂድ ፈልግ" አለችኝ። ከልጁ ጋር ቦዳቦዳ በሚሉት አንድ የሞተር ሳይክል ታክሲ ላይ ተፈናጠን ወጣን። ከስተም ገበያ ሌላ መኪና አልተገኘም። ኮኞ ኮኞ ሦስት አየን፣ ሦስቱም ሬሳ። ጸሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ልጁ የሚያውቀው አንድ ከአሜሪካ የተመለሰ ሰው ቤት ደረስን። ሰውዬው አልጋ ሥር ጎንበስ ብሎ አቧራ የለበሰ ፕሌይስቴሽን 2 አወጣ። ንጹሕ ነው፣ ቀፎው አልተነካም። የጄኔሬተራቸው ናፍጣ አልቆ ስለነበር ሞክሮ ማየት አልተቻለም። 100 ዶላር ቆጥሬ ሰጠሁና እንደ ሕፃን አቅፌው ተመለስኩ።

ሆቴሉ ስንደርስ ልክ የእነሱ 8 ሰዓት ነው። የሰፈሩ ልጆች ሸሚዛቸውን ተኩሰው፣ ከሐበሾቹ ጎን በወንበር ተደርድረው ይጠብቃሉ። ግቢው በሰው ተሞልቷል። በጉ ከማንጎው ሥር ታስሯል። የአሜሪካውን መኪና ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ገመዱን ሰካሁ።

ጠ! አለ። ነጭ ጭስ ከጀርባው ወጣ፣ የጄኔሬተሩ ብሬከር ወረደ፣ ሆቴሉ በሙሉ ጨለመ። ወጥ ቤቱ፣ ፍሪጁ፣ የእንግዶቹ ክፍል፣ ሁሉም። የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ብቻ ቀረ። በስልኬ መብራት የመኪናውን ጀርባ ሳበራ ጽሑፉ እዚያው ተቀምጧል፦ 120 ቮልት። የአሜሪካ መብራት 120 ነው፤ የእኛም የጁባም 220 ወይም ከዚያ በላይ ነው። አንዲት መስመር ባነብ ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ እኔ ግን የምለቅመውም አልታየኝም። ጋሼ በጨለማው ውስጥ መጡ። "አንተ ልጅ፣ ማንም አልተጎዳም?" አሉ መጀመሪያ። "አልተጎዳም ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አልኩ። "እንግዲያው ሌላው ዕቃ ነው" ብለው ወንበር ስበው ተቀመጡ። ይህን ቃል እስክሞት አልረሳውም።

ብሬከሩን መልሶ ያነሳው ልጁ ነው። መብራት ሲመጣ ሁለቱን መኪኖች ጎን ለጎን አስቀመጠና አንዴ የእኔን፣ አንዴ የአሜሪካውን በጣቱ ነካ። ጄኔሬተር የሚጠግን ሰው የሞተን ሞተር አይጥልም፤ ከሞተው ለሞተው ያካፍላል። ሐሳቡ ገባኝ። የአሜሪካው መኪና የተቃጠለው የመብራት መቀበያው ነው፤ ሌንሱ ደህና ነው። የእኔ መቀበያው ደህና ነው፤ የደከመው ሌንሱ ነው። የሁለቱ ሌንስ ደግሞ አንድ ዓይነት ነበር። ከውሃ ቦቴ ሾፌሮቹ አንዱ መፍቻ አመጣ። እትዬ ብሎኖቹን የምታስቀምጥበት የቡና ስኒ ሰጠችን። ልጁ ከሰፈሩ ልጆች ጋር መብራት ያዘ፣ እኔ እንደ ወረቀት የሳሳውን ፍላት ኬብል ትንፋሼን ይዤ ነቀልኩና ሰካሁ። 16 ተጫዋችና ያን ያህል ተመልካች ጠረጴዛውን ከቦ አንድም ሰው አልተነፈሰም። ክዳኑን ሳንገጥም ዲስኩን አስገባን። ዞረ። ዓርማው ታየ። የዚያን ጊዜ የተሰማው ጩኸት ግብ ከገባ ጊዜ ይበልጣል።

ውድድሩ ያለቀው ሊነጋ ሲል ነው። ፍጻሜው ላይ ልጁ ቡድን ቢን ይዞ ከአንድ አስተናጋጃችን ጋር ገጠመ። ማዞሪያው የላላው ጆይስቲክ በዕጣ ለእሱ ደረሰው። እንቀይርልህ ብንለው እምቢ አለ፤ ዕጣ ዕጣ ነው። 2 ለ 1 አሸነፈ፤ ሁለተኛውን ግብ ያገባው እኔ ባስተማርኩት አጭር ቅብብል ነው። በጉ በነጋታው ታረደና ሁላችንም በላነው።

ከሦስት ወር በኋላ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2006 ዓ.ም. ሌሊት፣ ጁባ ላይ ተኩስ ተከፈተ። የጄኔሬተሮቹ ድምፅ በሙሉ ጠፋና የመሣሪያው ብቻ ቀረ። ለቀናት ግምጃ ቤቱ ወለል ላይ ተኝተን ከረምን። ልጁ ቤተሰቡን ሊፈልግ ወጣ፤ በሩ ላይ እጄን ጨብጦኝ ሄደ። እኔ ወደ አዲስ አበባ የሚበር አውሮፕላን ሳገኝ መኪናውን ትቼ ሜሞሪ ካርዱን ብቻ ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። በዚያ ጦርነት ብዙ ሰው አለቀ። ስለ ጨዋታ ስጽፍ ይህን አንድ አንቀጽ ብቻ መስጠቴ ቀላል አድርጌው አይደለም፤ ለእሱ የሚሆን ቃል ስለሌለኝ ነው።

በ2007 ዓ.ም. ወደ ሥራዬ ስመለስ መኪናው የለም፣ ግምጃ ቤቱም ተራቁቷል። በሁለተኛው ሳምንት ከሆቴሉ በር ላይ አንድ ቦዳቦዳ ቆመና "ሐበሺ!" አለ። እሱ ነው። ሚዛኑ ቀንሷል፣ ድምፁ ወፍሯል። ከሰላምታው ቀጥሎ የጠየቀኝ ስለ ካርዱ ነው። አለ አልኩት። ነሐሴ 30 ቀን 2007 ዓ.ም. ደቡብ ሱዳን ኢኳቶሪያል ጊኒን ጁባ ላይ 1 ለ 0 አሸነፈች፤ በውድድር ጨዋታ የመጀመሪያዋ ድል ነው። የዚያን ዕለት ማታ ልጁ ከአንድ ፀጉር አስተካካይ ፕሌይስቴሽን 2 ተውሶ መጣ። የጀርባውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩና ሰካሁ። ካርዱን አስገባሁ። መኪናው ካርዱ ያልተሰናዳ ነው፣ ላሰናዳው ወይ ብሎ ጠየቀን። ባዶ ነው ማለት ነው። ሁለቱም አገር ጠፍቷል።

እኔ ጆይስቲኩን አስቀመጥኩ። እሱ አነሳውና ቡድን ኤን ከፈተ። "ሳላዲን፣ 88" አለኝ። ቡድኔን በቃሉ ያውቀዋል፤ የደጉን ቁመት፣ የሽመልስን ቅብብል፣ የአዳነን ፀጉር። እኔም የእሱን ቡድን ስሞክር ከግብ ጠባቂው 2 ሜትር ጀምሮ አንድ በአንድ መጣልኝ። በሁለት ሌሊት ሁለቱንም እንደገና ሠራናቸው። እሱ የኔን፣ እኔ የሱን። ኮከቧ ብቻ እንደ በፊቱ አስቸገረችን።

ጨዋታው ዛሬ ሌላ ነው። ፔስ በ2021 እ.ኤ.አ. ስሙን ለውጦ ኢፉትቦል ሆነ፤ ሲወጣ ማስተር ሊግም ቡድን የመሥሪያ ክፍልም አልነበረውም። ተፎካካሪውም በ2023 እ.ኤ.አ. ፊፋ የሚለውን ስም ጣለ። ሥዕላቸው ላብ ሳይቀር ያሳያል። ሰው ግን አሁን የሚገጥመው በኢንተርኔት፣ ከማያየው ሰው ጋር፣ ክፍሉን ዘግቶ ነው። ይህን ለመውቀስ አልጻፍኩም፤ እኔም ራሴ እጫወተዋለሁ። የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ይህን ጨዋታ 20 ዓመት የወደድኩት፣ አጠገቤ ሰው ስለሚቀመጥበት ነው። የጎረምሳው ደህና ጆይስቲክ፣ የልጁ 88፣ የእትዬ የብሎን ስኒ፣ አንዱም ዲስኩ ላይ አልተጻፈም።

ስለዚህ ልጅ ያላችሁ አንባቢዎቼ፣ ይህን መኪና ስትገዙ ጆይስቲኩን ሁለት አድርጉት። ሁለተኛውም ደህናው ይሁን። ጊዜ ስታገኙም እሱን ይዛችሁ ከልጃችሁ አጠገብ ተቀመጡ፤ መሸነፍ ቢኖርም ተቀመጡ።